በደንባራ በቅሎ ላይ ቃጭል

በአሜሪካ ብዙ የተራራ መንገዶች መግቢያ ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ቢጫ ምልክት ተተክሎ ይታያል። በሦስቱ ጥጎች አንድ ፈረሰኛ፣ አንድ እግረኛና አንድ ብስክሌተኛ ተስለዋል፤ በመካከላቸውም ማን ለማን መንገድ እንደሚለቅ የሚያሳዩ ቀስቶች አሉ። ብስክሌተኛው ለሁለቱም ይለቃል። እግረኛው ለፈረሰኛው ይለቃል። ፈረሰኛው ለማንም አይለቅም። ነገሩ የግብር አዳራሽ ማዕረግ ስለሚመስል ብስክሌተኛው ምልክቱን ባየ ቁጥር ደሙ ይፈላል፤ «የማን ልጅ ስለሆነ ነው የምወርድለት?» ይላል። ፈረሰኛውም ባየው ቁጥር ኮርቻው ላይ ትንሽ ቀና ይላል። ለሁለቱም አዝናለሁ፤ ምልክቱ የሁለቱንም ማንነት ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ቅድሚያው የተሰጠው ከላይ ለተቀመጠው ሰውዬ ሳይሆን ከታች ሆኖ ለተሸከመው ነው። በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ከሚተላለፉት ሁሉ ማንበብ የማይችል፣ ቢነበብለትም የማይገባው፣ ሲፈራ ደግሞ አምስት ኩንታል የሚጠጋ ገላውን ይዞ የሚደነብር እሱ ብቻ ነውና። ነገር የሚገባው ነገር ለማይገባው ያሳልፋል፤ ሕጉ ሲገላለጥ ይኸው ነው። ከዚህ ተነስቼ የምከራከረውም በፈረስና በብስክሌት መካከል ሰላም የሚያወርደው ከቀስትም፣ ከደወልም፣ ከአጥርም ይልቅ ቀደም ተብሎ፣ ጮክ ተብሎና ረዘም ተደርጎ የሚሰጥ ሰላምታ ነው ብዬ ነው። በዚህ ሙያ ደግሞ አማርኛ ተናጋሪን የሚስተካከል ያለ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ባለጉዳዩን እንወቀው። ፈረስ በሐውልትና በሥዕል ላይ ጀግና ነው። የእኛም ነገሥታትና መኳንንት በፈረሳቸው ስም ሲጠሩ ኖረዋል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ይህን ሁሉ ስም ያሸከምነው እንስሳ ግን የተፈጥሮ ሥራው መሸሽ ነው። ቀንድ አልተሰጠውም፣ ጥርሱም ለሣር ነው፤ ዘሩን እስከ ዛሬ ያቆየው መጀመሪያ ሮጦ በኋላ ማጣራቱ ነው። አባቶች «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ሲሉ የእንስሳት ሐኪሞች ዛሬ የሚሉትን በአጭሩ ብለውታል። ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ ወደ 350 ዲግሪ የሚደርስ ዙሪያውን ያያል፤ የሚሰወረው ከግንባሩ ሥር ያለችው ጥቂት ቦታና በቀጥታ ከጭራው ጀርባ ያለው ነው። ጆሮዎቹም እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይዞራሉ፤ አንዱ የጋላቢውን ወሬ ሲሰማ ሌላው ጫካውን ይጠብቃል። አሁን ይህን ፍጡር ለማስበርገግ አንድ ነገር አስባችሁ ሥሩ ብትባሉ ምን ትሠራላችሁ? ከማያይበት ከኋላ ይምጣ። ፈጣን ይሁን። ድምፅ አይኑረው። ዝቅ ብሎ ያጎንብስ። እንደ ሰው አይራመድ። ራሱ ላይ ቆብ መሰል ነገር ይድፋ፣ ዓይኑን በጥቁር መነጽር ይሸፍን፣ ጀርባው ላይም ጉብታ ይኑረው። የተራራ ብስክሌተኛ ሆነ! ሰውዬው እሑድ ጠዋት ከቤቱ የወጣው ደም ግፊቱን ሊያስተካክል ነው፤ ፈረሱ የሚያየው ግን ቁልቁል የሚወረወር አውሬ ነው። እውቀት የሌለው ጨዋነትም እዚህ ላይ አያድንም። አንዳንዱ ትሑት ሰው ፈረስ ሲመጣ አይቶ፣ መንገድ ልልቀቅ ብሎ፣ ከቁጥቋጦ ጀርባ ገብቶ ትንፋሹን ውጦ ይቆማል። ከቁጥቋጦ ጀርባ ትንፋሹን ውጦ የሚቆመው ማን እንደሆነ የፈረስ ዘር ከቅድመ አያቶቹ ጀምሮ ያውቃል፤ ነብር ነው።

ስለዚህ የፈረስ ሰዎች የሚሰጡት ምክር ሁሉ የሚያተኩረው ከአውሬነት ወደ ሰውነት በመመለስ ላይ ነው። ቁም፤ ከብስክሌትህ ውረድ፤ በሚታይ ቦታ ሁን። መንገዱ ተዳፋት ላይ ከሆነ ከቁልቁለቱ በኩል ቁም፤ ከላይ የቆመ ነገር ሊዘልበት የተዘጋጀ ይመስለዋል፣ ከደነበረም ሽቅብ መሮጡ ገደል ከመግባት ይሻላል። ከሁሉም በላይ ግን ተናገር። ፈረስ የሰውን ድምፅ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ገብስና ውኃ ያመጣለት፣ ጀርባውን ያከከለት ያ ድምፅ ነው፤ አውሬ ደግሞ አያወራም። የራስ ቁሩና መነጽሩ ያጠፉትን የሰው መልክ ድምፁ ይመልሰዋል። ምን እንደሚወራ አያስጨንቅም። የአየሩን ሁኔታ ማንሳት ይቻላል፤ የጤፍ ዋጋም ይሆናል፣ ምሬቱ ድምፅን ከፍ እስካላደረገ ድረስ። ሦስት ሆነው የሚጓዙ ብስክሌተኞች ከሆኑ ፊተኛው «ከኋላዬ ሁለት አሉ» ቢል ፈረሰኛው ልጓሙን ቶሎ አይለቅም። ከኋላ የሚደርስ ደግሞ ከሩቅ ጮኾ «ማለፍ እችላለሁ?» ብሎ ይጠይቅና ፈረሰኛው ሰፋ ያለ ቦታ እስኪያገኝ በእርምጃ ይከተላል። ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ይዘገያል። ሰዓቱን ለመዝገብ ለሚሮጥ ሰው ሁለት ደቂቃ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሰዓት የሚመዘገብበት መንገድና ፈረስ የሚሄድበት መንገድ አንድ መሆኑ ነው እንግዲህ ጠቡ።

ጠቡ በተለይ የጦፈው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ወርቃማ በር ድልድይ ማዶ ባለው በማሪን አውራጃ ነው። ኦክላንድና ሳን ሆዜ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለሽርሽር የሚሻገሩበት አገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ጋሪ ፊሸር፣ ጆ ብሪዝ፣ ቻርሊ ኬሊና ባልንጀሮቻቸው ፌርፋክስ ከምትባለው ከተማ በላይ ባለ የጥርጊያ መንገድ ላይ አሮጌ ብስክሌቶችን ቁልቁል እየለቀቁ ይወዳደሩ ነበር። ውድድሩን «ሪፓክ» አሉት፤ አንድ ጊዜ በወረዱ ቁጥር የኋላ ፍሬኑ ውስጥ ያለው ግራሶ ተቃጥሎ ስለሚያልቅ እንደገና መሞላት ነበረበት። ከ3 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጠውን ቁልቁለት ፊሸር በ4 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ወረደው፤ በአማካይ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። የተራራ ብስክሌት እንደ ስፖርት የተወለደው እንዲህ ግራሶ እያቃጠለ ነው። ማሪን ግን ከብስክሌቱ አስቀድሞ የፈረሰኞች አገር ነበረችና አቤቱታው ጎረፈ፤ የጫካ ጠባቂዎችም የመኪና ፍጥነት የሚለካበትን ራዳር ይዘው ዛፍ ሥር መሸመቅ ጀመሩ። በዚያው አውራጃ ባለው በታማልፓይስ ተራራ መንገዶች ላይ የብስክሌት ፍጥነት በሰዓት ከ24 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ፊቱ በማይታይ ኩርባ ላይ ደግሞ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ዝቅ እንዲል ተወሰነ። አሜሪካኖቹ በማይላቸው 15 እና 5 ይሉታል።

እነዚህን ቁጥሮች በሰላምታ እንመንዝራቸው። ፈረሱ 30 ሜትር ፊታችን ነው እንበል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ሰው ከ3 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ አጠገቡ ይደርሳል፤ በዚያ ጊዜ ከአፍ የሚወጣው «እእእ!» ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ በየትኛውም ቋንቋ ሰላምታ አይባልም። በተፈቀደው በ24 ሲወርድ አራት ሰከንድ ተኩል አለው፤ «ጤና ይስጥልኝ» ለማለት ይበቃል፣ መልሱን ለመስማት ግን አይበቃም፤ መልስ ያልተጠበቀለት ሰላምታ ደግሞ በእኛ ዘንድ ከስድብ ይቆጠራል። በ8 ሲሄድ ከ13 ሰከንድ በላይ ያገኛል። «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አደሩ? ቤተሰብ ደህና? ልጆቹ ደህና? ፈረሱ እንዴት ነው?» ካለ በኋላ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» የሚለውን ሰምቶ እንኳ ጥቂት ጊዜ ይተርፈዋል። እንግዲህ ትክክለኛው ፍጥነት ሰላምታ የሚያስጨርስ ፍጥነት ነው ማለት ነው። ራዳር አያስፈልገውም፤ ባትሪም አይጨርስም። የማሪን ሰዎች ራሳቸው ከብዙ ዓመት ጭቅጭቅ በኋላ «ቀስ በል፣ ሰላም በል» ወደሚል መፈክር መጥተዋል። እነሱ ያለባቸው ችግር ሰላምታቸው «ሃይ» በምትባል አንዲት ትንፋሽ ማለቋ ነው፤ ፍጥነትን አትገታም። እንግዳ ሲያገኝ ከአያት እስከ ጥጃ ጠይቆ የማይጠግብ ሕዝብ ግን ይህ ሥርዓት ሳይነገረው የገባው ነው። አንድ የጎጃም ገበሬ በእነዚያ መንገዶች ላይ ብስክሌት ቢነዳ ከሰላምታው ብዛት የተነሳ መቼም ከ8 ኪሎ ሜትር አያልፍም ነበር።

እዚህ ላይ ቴክኖሎጂ ወዳዱ ሰው ይነሳና «ለዚህ ደወል አለ አይደል?» ይላል። ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 የወጣው የእንግሊዝ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ብስክሌትን ከሠረገላ ቆጥሮ፣ ነጂው ጋሪን፣ ፈረስን፣ በቅሎን፣ ሌላ የጭነት እንስሳን ወይም እግረኛን ከመቅደሙ በፊት ከበቂ ርቀት ላይ በደወል፣ በፉጨት ወይም በሌላ መንገድ እንዲያሳውቅ አስገድዶ ነበር። የሕጉ አርቃቂዎች በቅሎን በስሟ መጥራታቸው ደስ ይላል፤ የእኛ አባቶች ግን ስለዚያችው በቅሎ የተናገሩትን ቢሰሙ ኖሮ ትንሽ ባመነቱ ነበር፤ «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» ነው የሚባለው። ከ50 ሜትር ጀምሮ ሳያቋርጥ የሚንቃጨል ደወል ጥሩ ነው፤ ፈረሱ ጆሮውን አዙሮ፣ አድምጦ፣ ለምዶ ይቆያል። በካሊፎርኒያ አንዳንድ መንገዶች መግቢያ ላይ ብስክሌተኛው አስሮ ወርዶ በኋላ የሚመልሰው ቃጭል በሳጥን የሚቀመጠውም ለዚህ ነው። አብዛኛው ሰው ግን ደወሉን የሚያስታውሰው ከፈረሱ ጭራ ሥር ከደረሰ በኋላ ነው። ዝም ብሎ መጥቶ በሦስት ሜትር ርቀት «ትሪንግ!» የሚል ብረት ለፈረሱ የሚነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አውሬው ጥርስ እንዳለው። ደወል ደግሞ አይጠይቅም፣ መልስም አይሰማም፤ «መጣሁ» ይላል እንጂ «ልለፍ?» አይልም። ሰላምታ ከደወል በሁለት ነገር ይበልጣል፤ ፈረሱን ያረጋጋል፣ ከፈረሰኛውም ፈቃድ ያስገኛል። ዳገት እየወጣ ያለ ብስክሌተኛ «አሁን ከወረድኩ እንደገና መነሳት አልችልም» ሲል እውነቱን ነው፤ ዳገት ላይ ወርዶ መነሳት ጭን ይጨርሳል። ከሩቅ ሰላም ብሎ ከጠየቀ ግን ብዙ ፈረሰኛ ራሱ ዞር ብሎ «እለፍ፣ በርታ» ይለዋል። ይህን ቀስቱ አይሰጠውም፤ ምላሱ ይሰጠዋል።

የብስክሌተኛው ከባድ ክርክር ግን ሌላ ነው፤ ሊናቅም አይገባም። «መንገዱን የሚያበላሸው ማነው?» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ በሞንታና ተራሮች ላይ የተደረገ ጥናት ፈረስን፣ እግረኛን፣ ሞተር ሳይክልንና የተራራ ብስክሌትን አወዳድሮ፣ ጎርፍ ጠርጎ የሚወስደውን ልቅ አፈር ከጎማ ይበልጥ ኮቴና እግር እንደሚያስነሱ አሳይቷል። ፋንድያውም አለ፤ የውሻ ባለቤት ፌስታል ይዞ ሲያጎነብስ የፈረስ ባለቤት ከላይ ሆኖ አድማሱን ያደንቃል። ሕጉስ? እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የአሜሪካ የዱር ምድር ሕግ ሜካኒካዊ መጓጓዣን ይከለክላል፤ የደን መሥሪያ ቤቱም በ1984 ክልከላው ብስክሌትንም እንደሚያካትት በግልጽ ደነገገ። ከ40 ሚሊዮን ሄክታር በላይ በሆነ ምድር ላይ መንገድ የሚሸረሽረው ፈረስ ይገባል፤ ብስክሌቱ በር ላይ ይቀራል። በእንግሊዝም ቢሆን ብስክሌት በፈረስ መንገድ ላይ እንዲሄድ የተፈቀደለት በ1968 የገጠር ሕግ ነው፤ ፈቃዱም ለእግረኛና ለፈረሰኛ መንገድ ይልቀቅ ከሚል ግዴታ ጋር ነው የተሰጠው። ቂም ቢቋጠር አይደንቅም። የዘር ሐረጉ ሲታይማ ጭራሽ ያሳዝናል፤ ካርል ድራይስ በ1817 ማንሃይም ላይ የብስክሌትን ቅድመ አያት ይዞ ሲወጣ፣ አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ያነሳሳው ከታምቦራ እሳተ ገሞራ በኋላ በደረሰው የሰብል መጥፋት የፈረስ ቀለብ መወደዱ ነበር። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል፤ ብስክሌትም እንዲህ ማለት ይችላል።

ይህን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ይህ ሁሉ የስብሰባ አዳራሽ ጉዳይ ነው። የአፈር መሸርሸር የሚመለከተው አካል ዝናብ በጣለ ማግሥት መንገዱን ለፈረስ ይዝጋ፤ ስለ ፋንድያ ቅጣት ይጣል፤ ስለ ዱር ምድሩ ምክር ቤት ይከራከር። ኩርባው ላይ የተገኘው ፈረስ ግን የ1964ን ሕግ አላረቀቀም። በማስደንገጥ ዕዳ ልሰብስብ ያለ ሰው ዕዳውን የሚያስከፍለው ከሁለት ሜትር ከፍታ ተወርውሮ ድንጋይ ላይ የሚያርፈውን ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም ያ ሰው ፈረስ ግልቢያ የሚማር ልጅ ነው። ስለ ሀብት የሚነሳውን ክርክር ቶሎ ልለፈው፤ «ፈረስ የሚጋልበው ባለጸጋ ነው» የሚለው ብስክሌተኛ ራሱ የሚነዳው ከአንድ አሮጌ መኪና የሚበልጥ ዋጋ ያለው ነገር ስለሆነ በመካከላቸው ድኻ ካለ እግረኛው ነው፤ እሱም ለሁለቱም ሲባል ከጥግ ቆሞ አቧራ ይቅማል። ደግሞ ልብ በሉ፤ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2022 የመንገድ ደንቧን ስታሻሽል መኪና ፈረስን ሲያልፍ ከ10 ማይል በሰዓት እንዳይበልጥና ቢያንስ 2 ሜትር እንዲርቅ መክራለች። ሁለት ቶን ብረት ዝቅ ካለለት ብስክሌቱን ለብቻው የተዋረደ የሚያደርገው ነገር የለም።

«እንግዲያው ፈረሱን ያሠልጥኑት!» የሚለው ተቃውሞ የተሻለ ነው፤ ግማሹም እውነት ነው። ፈረስ ይለምዳል። የፖሊስ ፈረስ በሰልፈኛ መካከል ይቆማል። እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በሚከበረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ያን ሁሉ ሕዝብ፣ ያን ሁሉ ፉከራና ጭብጨባ ተቋቁመው ሽምጥ የሚጋልቡት ፈረሶች ከሌላ ዘር አልመጡም፤ ለምደው ነው። ስለዚህ ፈረሰኛው ግዴታ አለበት፤ ብስክሌት አይቶ የማያውቅ ግልገል ፈረስ ይዞ በዋናው ሰዓት እሑድ ጠዋት መውጣት የለበትም፤ የሚራገጥ ከሆነም እንደ ፈረንጆቹ ልማድ ጭራው ላይ ቀይ ሪባን ማሰር ይጠበቅበታል። (ይህች ምልክት ወደ እኛ አገር ብትመጣ መከራ ነው፤ ጥምቀት ሲደርስ ፈረሱ ሁሉ በቀይ በቢጫ ጥለት ስለሚሽሞነሞን አገሩ በሙሉ ተራጋጭ ይሆናል።) ሥልጠናው ግን የት ይሰጣል? በአሜሪካ አንዳንድ ቦታዎች የፈረስና የብስክሌት ማኅበራት አንድ ሜዳ ላይ ተገናኝተው፣ ብስክሌተኞቹ ቀስ ብለው እየዞሩ ፈረሱን ያለማምዱታል። ከዚያ ውጭ ያለው ትምህርት ቤት ራሱ መንገዱ ነው። ረጋ ብሎ ሰላም ያለው ብስክሌተኛ ሁሉ ደመወዝ የሌለው አሠልጣኝ ነው፤ በዝምታ ሽው ብሎ ያለፈው ደግሞ የስድስት ወር ትምህርት በአንድ ሰከንድ ይደመስሳል፤ ለሚቀጥለው ብስክሌተኛም ደንባራ ፈረስ አውርሶት ይሄዳል። ፈረሱን አሠልጥኑ የሚል ሰው እንግዲህ ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው።

አንዳንዱ በዚህ ሁሉ ተሰላችቶ «ለየብቻ እናድርጋቸው» ይላል። ለየብቻ መንገድ መሥራት በተቻለበት ይሠራ፤ ተራራው ግን ገንዘብና ቦታ እንደልብ አይሰጥም። ስለዚህ በቀን የሚለዩ አሉ። በዩታ፣ ከሶልት ሌክ ከተማ አጠገብ ባለው በሚልክሪክ ሸለቆ ላይኛው ክፍል ብስክሌት የሚገባው በሙሉ ቁጥር ቀናት ብቻ ነው፤ ማለትም ወሩ በገባ በ2፣ በ4፣ በ6 እያለ። ጎደሎ ቀናት ውሾች ያለ ማሠሪያ የሚፈነጩባቸው ናቸው። ታሆ ሐይቅን በሚዞረው መንገድም አንደኛው ክፍል ብስክሌትን በሙሉ ቁጥር ቀን ብቻ ያስገባል። ሐሳቡ ብልሃት አለው፤ ሒሳቡ ግን ያዳላል። በፈረንጆች አቆጣጠር 31 ቀን ያላቸው ሰባት ወሮች ስላሉ ከ31 ቀጥሎ 1 ይመጣል፣ ሁለት ጎደሎ ቀን ይገጣጠማል፤ ዓመቱ ሲደመር ጎደሎው 186፣ ሙሉው 179 ይሆናል። ብስክሌተኛው በየዓመቱ ሳያውቀው በሰባት ቀን ይበለጣል። በእኛ አቆጣጠር ቢሆን ኖሮ አሥራ ሁለቱም ወር ሠላሳ ሠላሳ ስለሆነ 180 ለ180 ይካፈሉና የሚጣሉት በጳጉሜን ላይ ብቻ ነበር፤ ጳጉሜን 5 ስትሆን ፈረሰኛው በአንዲት ቀን ይበልጣል፣ 6 ስትሆን እኩል ይወጣሉ። ለዩታ ደን ጠባቂዎች ይህን የሚነግርልኝ ሰው ቢገኝ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ቀን መለየት ሰላም የሚመስል ነገር ቢያመጣም የማይተዋወቁ ያደርጋቸዋል፤ ብስክሌት አይቶ የማያውቅ ፈረስ፣ ፈረስ አይቶ የማያውቅ ብስክሌተኛ። አንድ ቀን አንዱ ቀኑን ተሳስቶ የወጣ እንደሆነ ኩርባው ላይ የሚገናኙት ሁለት ጀማሪዎች ናቸው።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ የሚመስለው ሰው ወደ እንጦጦ ቀና ይበል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ፈረስም የተራራ ብስክሌትም አለው፤ ባሕር ዛፉም ኩርባውን ይሸፍናል። ነገሩ ግን ከማሪን ይለያል። እዚያ ፈረሰኛው ፈረሱን ለዓመታት የያዘ ባለቤት ነው፤ እዚህ ኮርቻው ላይ የተቀመጠው ብዙ ጊዜ ለፎቶ የወጣ፣ ልጓሙን በአንድ እጅ ስልኩን በሌላው የያዘ እንግዳ ነው፤ ፈረሱ ቢደነብር ሊያደርግ የሚችለው መጮኽ ብቻ ነው፣ ጩኸቱም ነገሩን ያባብሰዋል። ደግሞም በተራራው ላይ የፈረንጆቹ ሦስት ማዕዘን የማያውቃቸው መንገደኞች አሉ፤ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ከፓርኩ በፊት ለብዙ ዘመን ሲወርዱ የኖሩት ሴቶች፣ የተጫኑ አህዮችም። ሸክም የያዘ ሰው ቆሞ ማሳለፍ አይችልም፤ አንገቱን እንኳ ማዞር ይቸግረዋል። በአገር ቤት ልማድ ባዶ እጁን ያለ ለተሸከመ ይለቃል፤ በዚህ ሕግ ከሄድን ፈረሰኛውም ብስክሌተኛውም አብረው ወደ ጥግ መውጣታቸው ነው፤ ይህ በካሊፎርኒያ ያልታየ እርቅ ይሆን ነበር። መውረድንም ቢሆን ከባዕድ አንማረውም። በበቅሎ የሚጓዝ ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ ይወርድ ነበር፤ ታላቅ ሰው ሲያጋጥመውም ወርዶ እጅ ይነሳል። ያ መውረድ ለክብር ነበር፤ ከብስክሌት የሚወረደው ግን ለፍርሃት ነው፣ ለፈረሱ ፍርሃት። ጉልበት የሚያጥፈው ሰው ግን አንድ ነው፤ የለመደ ጉልበት አይከብደውም።

አንድ ነገር ብቻ ገና አልተፈታልኝም፤ የሰላምታው ቅደም ተከተል። በእኛ ወግ መጀመሪያ ሰላም የሚባለው በዕድሜ ታላቅ የሆነው ነው፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ አንድ ፈረስ ሦስት ባለጉዳይ አለው፤ ኮርቻው ላይ ያሉት እማማ፣ ገመዱን ይዞ በእግሩ የሚመራው ጎረምሳ፣ ፈረሱ ራሱ። ለእማማ ጎንበስ ብሎ እጅ መንሳት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ጎንበስ ያለ ብስክሌተኛ ለፈረሱ ምን እንደሚመስለው ከላይ ተነጋግረናል። ስለዚህ እማማ ይቅርታ ያድርጉልኝና መጀመሪያ ገመድ ለያዘው ልጅ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ «እንዴት ነህ ወንድም?» ይባል፤ ፈረሱ ጆሮውን ሲመልስ ለእሳቸው የሚሆነውን ረጅሙን ሰላምታ፣ ከነልጆቻቸውና ከነልጅ ልጆቻቸው፣ ማድረስ ይቻላል።